ኦቦ በ43 ዓመት፦ ትንፋሽ አላነሰሽም፣ ተርፎሽ ነው የጨነቀሽ

የዛሬው ደብዳቤ "ዘግይታ የጀመረች" ብላ ከፈረመች አንባቢ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ቃሉ ግን የራሷ ነው። ለማታውቁት፣ ኦቦ እንደ ክላርኔት ቀጥ ያለ የትንፋሽ መሳሪያ ነው፣ ሪድ የምንላት ደሞ ጫፉ ላይ የምትሰካው፣ የምንነፋባት ትንሽ የሸምበቆ አፍ ናት።

"ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 43 ዓመቴ ነው፣ ስራ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የኦቦ ድምፅ ስሰማ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩትን ጥዬ ነው የማዳምጠው። ከአምስት ወር በፊት በቃ ድፍረቱ መጣልኝና መሳሪያ ተከራይቼ ጀመርኩ። በሳምንት አንዴ አስተማሪ ጋ እሄዳለሁ፣ ቤት ደሞ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሳላቋርጥ እለማመዳለሁ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ግን ድምፄ ከመጀመሪያው ወር ይልቅ አሁን የባሰበት ይመስለኛል። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሬ ይከዳኛል፣ አየር ያጥረኛል፣ ራሴን ያዞረኛል። ከኔ በኋላ የጀመረች የ11 ዓመት ልጅ አልፋኝ ሄዳለች። ባለቤቴ ምንም አይልም፣ ግን መንፋት ስጀምር የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ እሰማለሁ። ጓደኛዬ ደሞ ኦቦ ጭንቅላት ይጎዳል፣ ተይው ትለኛለች። ሪዱም ወጪ ነው፣ እስካሁን ያቺኑ የጀመርኩባትን ነው የምነፋው። አስተማሪዬ የመረጠልኝ አንድ አዲስ ሪድ አለኝ፣ እሱን ደህና መጫወት ስጀምር ብዬ አስቀምጬዋለሁ። በእውነት ንገሪኝ፣ አርፍጃለሁ? ክላርኔት ብቀይር ይሻላል? ወይስ ሪዱን ራሴ መስራት ልማር?"

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ፣ እኔም ኦቦ የያዝኩት በ38 ዓመቴ ነውና ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምጽፍልሽ። ደብዳቤሽን ሶስቴ አነበብኩት። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽና ልብሽ ይረፍ፣ አላረፈድሽም። እድሜዬ ነው ብለሽ የቆጠርሻቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ሳያቸው ከእድሜ ጋር የሚገናኘው በጣም ትንሹ ነው። ማዞሩም፣ የከንፈሩ መክዳትም፣ የድምፁ መበላሸትም በብዛት ከሁለት ነገር ነው የሚመጡት፣ አንዱ ትንፋሽሽን የምታወጪበት መንገድ ነው፣ ሌላው ያቺ ከጀመርሽ ያልቀየርሻት ሪድ ናት። ሁለቱንም ደሞ በዚህ ሳምንት ማስተካከል መጀመር ትችያለሽ።

ከትንፋሹ ልጀምር፣ የሚያስፈራው እሱ ስለሆነ። ኦቦ ላይ አየር የሚገባበት መንገድ በሁለት ስስ የሸምበቆ ስንጥሮች መሃል ያለች ክፍተት ናት፣ ከፊት ለፊት ስታያት እንቅልፍ የመጣበት ሰው አይን ነው የምትመስለው። ፍሉት ብትነፊ አየርሽ ወዲያው ነው የሚያልቀው። እዚህ ግን በዛች ክፍተት የሚያልፈው አየር በጣም ትንሽ ስለሆነ ሳንባሽ እንደሞላ ይቆያል፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን እያለቀ፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰውነትሽ አየር ቀይሪልኝ ብሎ ይጮሃል፣ አንቺ ደሞ ያጠረሽ መስሎሽ በሞላው ላይ ትጨምሪበታለሽ። ሁለት ሶስቴ እንዲህ ካደረግሽ ደረትሽ ይወጠራል፣ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፣ ከዛ ማዞር ነው። ኦቦ ነፊዎች አንድ ረጅም ሀረግ ሳይተነፍሱ የሚጨርሱትም በዚሁ ምክንያት ነው፣ አየሩ አይወጣማ፣ የሚቸግራቸው የተጠቀሙበትን አየር የሚያስወጡበት ቦታ ማግኘት ነው።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ሶስት ወር ሙሉ ሳንባዬን የታመምኩ መስሎኝ ሀኪም ጋ ሄጄ ተመርምሬያለሁ፣ ምንም የለብሽም ተብዬ ተመለስኩ። ከዛ አንድ ቀን አስተማሪዬ መሃል ላይ አስቆመችኝና ኦቦውን ከአፌ አውርዳ "አሁን አየር እንዳታስገቢ፣ አውጪ" አለችኝ። አወጣሁ። "ገና አለ፣ አውጪ።" አወጣሁ። አሁንም ነበረ። ስምንት መስመር ነፍቼ አየር አለቀብኝ ብዬ ካቆምኩ በኋላ ከውስጤ የወጣው አየር ችቦ ያጠፋ ነበር። እዛው ቆሜ እንባዬ መጣ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ራሴን አቅመ ቢስ አድርጌ ነበራ የቆጠርኩት።

ስለዚህ እርሳስ አንሺና ኖታሽ ላይ ምልክት አድርጊ። አጭር እረፍት ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታደርጊው፣ ወይ ማስወጣት ወይ ማስገባት። አንዱ ላይ ወደ ውጭ የሚያሳይ ቀስት ሳዪ፣ ቀጣዩ ላይ ወደ ውስጥ። ረዘም ያለ እረፍት ካገኘሽ ሁለቱንም አድርጊ፣ ሁሌ ግን ማስወጣቱ ይቅደም። ስታስገቢ ደሞ እስከ ጥግ አትሙዪው፣ ረጅም አረፍተ ነገር ልትናገሪ ስትዪ የምትስቢውን ያህል ይበቃል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያልተነፈስሽ እየመሰለሽ ያስጨንቅሻል፣ ሁለት ሳምንት ታገሺው። አሁንም ካዞረሽ መሳሪያውን አስቀምጪና ቁጭ በይ፣ በግድ መቀጠል ምንም አያስተምርሽም፣ እንዲህ ካስተካከልሽ በኋላም ማዞሩ ካልተወሽ ደሞ ለሀኪም ንገሪ።

አሁን ሪዱ። ይሄ ክፍል ረዘም ይላል ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ያንገበገበኝ እሱ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ አምስት ወር። ደመርኩት፣ ወደ 150 ሰዓት ነው። አንድ የኦቦ ሪድ በደህና ሁኔታ የሚያገለግለው እንደ አያያዙ ከ10 እስከ 20 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከዛ በኋላ ሸምበቆው ይደክማል፣ መንዘሩን ይተዋል፣ ክፍተቷ ትጠባለች፣ ድምፁ ወይ ይታፈናል ወይ ይሰነጠቃል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሞት ደሞ አታውቂውም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በከንፈርሽ እየተጫንሽ ታካክሺዋለሽ፣ ማካካሱ ልማድ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር አሁን ባሰብኝ ያልሽው እውነትሽን ነው፣ ጆሮሽ አልዋሸሽም፣ ግን የባሰበት ሪዱ ነው። የሞተ ሪድ እየጎተትሽ እስካሁን መዝለቅሽ ራሱ ከንፈርሽ ምን ያህል እንደሰራ ነው የሚያሳየኝ።

እስኪ ሪድሽን አውጪና ብርሃን ላይ ያዢያት። ሁለቱ ስንጥሮች በክር ታስረው ትንሽ የብረት ቱቦ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቱቦውን ቡሽ ሸፍኖታል፣ ጠቅላላ ርዝመቷ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። የተፋቀውን ክፍል እይው፣ መሃሉ ወፈር ይላል፣ ወደ ጫፉና ወደ ዳር ይሳሳል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ይሆናል። ጫፉ ላይ የተቆረሰች ትንሽ ቦታ ካየሽ፣ ወይ ሸምበቆው ጠቁሮ ለስልሶ ከሆነ፣ አመስግነሽ ሸኚያት። ደህና ሪድ ስትይዢ ደሞ ከመንፋትሽ በፊት በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ሸምበቆው ብቻ እንዲነከር አድርገሽ ሁለት ሶስት ደቂቃ ተያት፣ ቡሹን አታርጥቢው። በአፍ ማርጠብ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔ ግን አልወደውም፣ ምራቅ እኩል አያርሰውም፣ ሪዱንም ቶሎ ያደክመዋል።

ከዛ ኦቦው ላይ ሳትሰኪያት በፊት ብቻዋን ንፊያት። ከንፈርሽን ክሩ አጠገብ አድርሰሽ ሳትነክሺ ስትነፊ ቁራ የሚጮህ የሚመስል ድምፅ ትሰጣለች፣ እንደ ሪዱ አፋፋቅ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ጥሩ ሪድ ላይ ታችኛውና ላይኛው የዶ ኖታ አንድ ላይ ሲጮሁ ትሰሚያለሽ። ጨርሶ ዝም ካለች ወይ አንድ ቀጭን ጩኸት ብቻ ካወጣች ያን ቀን ኦቦው ላይ የሚደርስብሽ መከራ ካንቺ እንዳልሆነ ከወዲሁ አወቅሽ ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳላደርግ ልምምድ አልጀምርም።

ሶስት ሪድ ይኑርሽ፣ ለስላሳ ወይም መካከለኛ፣ በእጅ የተፋቁ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ክራቸው ላይ ቁጥር ጻፊ፣ ቀን በቀን አፈራርቂያቸው፣ ስትጨርሺ ውሃቸውን አራግፈሽ አየር በሚያስገባ ሳጥን ውስጥ አድርቂያቸው። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ አይከብድም ብዬ አላታልልሽም። ግን አንድ ሪድ እስኪያልቅ ነፍቶ ሌላ ከመግዛት ሶስቱን እያፈራረቁ መንፋት አብዛኛውን ጊዜ ያረዝማቸዋል፣ ሸምበቆው ያርፋላ። ራስሽ መስራቱን ለጊዜው ተይው። ሸምበቆ መሰንጠቅ፣ መቦርቦር፣ ቅርፅ ማውጣት፣ ማሰር፣ መፋቅ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ጥሩ ሪድ ምን እንደሚመስል ከንፈርሽ ሳያውቅ ቢላዋ ብታነሺ ምን እየፈለግሽ እንደምትፍቂ አታውቂም። በሁለተኛው ዓመት አስተማሪሽ ጎን ቁጭ ብለሽ ተሰርቶ የተጠናቀቀ ሪድ ትንሽ ትንሽ ማስተካከል ጀምሪ፣ እዛ ላይ የትልቅ ሰው ትዕግስትና የትልቅ ሰው እጅ በጣም ነው የሚጠቅመው።

ከንፈር ላይ ስንመጣ፣ አንድ ሰዓት ሳላቋርጥ ያልሽውን እባክሽ ዛሬውኑ አቁሚ። ትጋትሽን በጣም ነው የማከብረው ግን ይሄ ትጋት እየጎዳሽ ነው። በአፍ ዙሪያ ያለው ጡንቻ እንደ ማንኛውም ጡንቻ ይደክማል፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ከደከመ የቀረውን ሃምሳ ደቂቃ የምትነፊው በምንድነው? በጥርስሽ ነዋ። ከንፈር ሲከዳ መንጋጋ ይተካል፣ ሪዱን ትነክሺዋለሽ፣ ክፍተቷ ትዘጋለች፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከፍ ይላል፣ ተጨማሪ ትገፊያለሽ፣ ጭራሽ ይብስሻል። በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ መንከስ እየተለማመድሽ ነበር ማለት ነው። እኔ የምልሽ በቀን አራት ጊዜ አስር አስር ደቂቃ ነው፣ ካልተመቸሽ ሶስቴም ይበቃል። የአፍሽ ዳር ላይ አየር ማፈትለክ ሲጀምር ያን ጊዜ ቁሚ፣ አንድ ተጨማሪ እስኬል (የኖታ መሰላል) እንኳን አትሞክሪ። መሃል ላይ እያረፍሽ ግን ስራ አለሽ፣ ሳትነፊ ጣትሽን ብቻ እያንቀሳቀስሽ ኖታውን ዝፈኚው፣ ሪትሙን አጨብጭቢው፣ ይሄኛው ልምምድ ከንፈር አይበላም፣ ሙዚቃው ግን ውስጥሽ ይገባል።

የከንፈር አያያዙን አስተማሪሽ አሳይቶሻል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለቱንም ከንፈር በትንሹ ጥርስሽ ላይ ታጥፊና የአፍሽን ዳርና ዳር ወደ መሃል ትሰበስቢያለሽ፣ ፉጨት ልታፏጪ ስትዪ እንደምታደርጊው፣ ፈገግታ ሆኖ ወደ ጎን ከተጎተተ ተበላሸ። በጥርሶችሽ መሃል የጣትሽን ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ያለ ያህል መንጋጋሽን ልቀቂው። ሪዷን ደሞ ብዙ አትዋጫት፣ ጫፏ ብቻ ነው ውስጥ የምትገባው። ድምፅ ስታስጀምሪ ምላስሽን ጫፏ ላይ አሳርፊ፣ ከኋላው የአየር ግፊቱን ከሆድሽ አዘጋጂ፣ ከዛ ምላስሽን አንሺ። በር ከፈትሽ ማለት ነው፣ ድምፁ ይወጣል። ብዙ ጀማሪ ምላሱን እንደ መዶሻ ሪዱ ላይ ይመታዋል፣ ለዛ ነው የመጀመሪያው ድምፅ እየፈነዳ የሚያስደነግጠው።

ስለዛች የ11 ዓመት ልጅ። እንዳስከፋሽ ገብቶኛል፣ እኔም ከኋላዬ መጥተው ያለፉኝ ልጆች ነበሩ፣ አንዷን እስካሁን ስሟን አስታውሳለሁ። ግን የልጅ ጆሮና ከንፈር አብረው ነው የሚያድጉት፣ ያወጣችው ድምፅ ለሷ ደህና ነው፣ አይረብሻትም፣ ደስ ብሏት ትቀጥላለች። ያንቺ ጆሮ ደሞ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ትልልቅ ተጫዋቾችን እያዳመጠ ነው የኖረው፣ ከንፈርሽ ግን የአምስት ወር ህፃን ነው። የምትሰሚው ክፍተት የሁለቱ የእድሜ ልዩነት ነው፣ ያማል፣ አውቀዋለሁ፣ ግን ያው ጆሮ ነው ነገ ወዴት እንደምትሄጂ የሚነግርሽ። ልጅቷ ገና ያንን ልትገነባ ነው። እሷ በጣት ፍጥነት ትበልጥሻለች፣ ይሄን ልደብቅሽ አልችልም። አንቺ ደሞ አንዴ ምክንያቱ ከተነገረሽ ትይዢዋለሽ። ለምሳሌ ኦቦ ላይ ፋ በሶስት መንገድ ይያዛል፣ ከፋ ወደ ሬ ስትሄጂ በተለመደው አያያዝ የቀለበት ጣትሽ ከቁልፉ ወደ ቀዳዳው መንሸራተት ስላለበት ነው ሌሎቹ የመጡት። ልጅ ይሄን በሃምሳ ድግግሞሽ ነው የሚለምደው፣ ላንቺ አንዴ ሲነገርሽ የት ጋ የትኛውን እንደምትጠቀሚ ራስሽ እርሳስ ይዘሽ ምልክት ታደርጊያለሽ።

ሊዮን ጉሰንስ የሚባል እንግሊዛዊ ኦቦ ተጫዋች ነበር፣ በ1897 የተወለደ፣ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት ዋነኛው። በ1962 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከንፈሩና ጥርሱ ክፉኛ ተጎዳ፣ ለኦቦ ተጫዋች ከዚህ የባሰ ምን አለ። በስልሳዎቹ እድሜው አጋማሽ ላይ የነበረ ሰው፣ የድሮው የከንፈር አያያዝ አልሰራ ስላለው አዲስ አያያዝ ከዜሮ ተማረና ወደ መድረክ ተመለሰ። አዎ፣ እሱ ጆሮውም ጣቱም የተሟላ ሰው ነበር፣ ካንቺ ጋር አንድ አይደለም። ግን የጠየቅሽኝ ከንፈር በዚህ እድሜ ይማራል ወይ ብለሽ ነው፣ በዛ እድሜም ይማራል።

ለውጥሽን ለመለካት ደሞ ልጅቷን ተያትና ስልክሽን ተጠቀሚ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ያንኑ አንድ ረጅም ላ እና ያንኑ አጭር ዜማ ቅጂ፣ ቀድተሽ ግን አትስሚው። ወሩ ሲያልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አከታትለሽ ስሚ። ላን የመረጥኩልሽ በምክንያት ነው፣ ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም መሳሪያውን የሚያስተካክለው ኦቦው በሚሰጠው ላ ነው፣ ብዙ ቦታ 440 ኸርዝ ላይ፣ ከዛ ትንሽ ከፍ የሚያደርጉም አሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ በሌላው መሃል አልፎ ስለሚሰማ ነው ይሄ ስራ ለኦቦ የተሰጠው። አንቺም ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርገሽ፣ አይንሽን ጨፍነሽ ስምንት ምት ያህል ንፊው፣ ከዛ ነው አይንሽን ገልጠሽ ቱነሩን፣ ድምፁ ከፍ ወይ ዝቅ ማለቱን የሚያሳየውን መሳሪያ፣ የምታዪው። መርፌውን እያየሽ ከነፋሽ አይንሽ ነው የሚለማመደው።

መሳሪያውንም አንድ ሰው ይይልሽ። የኪራይ ኦቦ ነው፣ አምስት ወር አገልግሏል፣ ታችኞቹ ኖታዎች እምቢ የሚሉሽ ከሆነ ምናልባት አንዱ ፓድ (ቁልፉ ስር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነው) አየር እያሳለፈ ይሆናል። ኦቦ ላይ ብዙ ቁልፎች እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚሰሩት፣ ማስተካከያ ብሎኖቹ ሩብ ዙር ሲዛነፉ አንድ ኖታ ይጠፋል። በራስሽ ግን ብሎን እንዳትነኪ፣ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። በድንገት አንድ ኖታ ላይ ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማሽ ቀዳዳው ላይ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው፣ ስስ የሲጋራ ወረቀት ከፓዱ ስር አስገብተሽ ቀስ አድርገሽ ተጫኚው፣ ይመጠዋል። ነፍተሽ ስትጨርሺ በሐር ጨርቅ ጥረጊው፣ ከሰፊው በኩል ነው የምታስገቢው፣ ላይኛው ክፍል ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ጨርቁ ተቋጥሮ እንዳይገባ ዘርጊው፣ የሚይዝ ከመሰለሽ አትጎትቺ፣ ወደ መጣበት መልሺው። ከእንጨት የተሰራ ከሆነ ደሞ ቀዝቅዞ ሳለ እንዳትነፊው፣ ከውስጥ በትንፋሽሽ እየሞቀ ከውጭ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ መጀመሪያ እጅሽ ውስጥ ይሙቅ። ፕላስቲክ ከሆነ ይሄ አያሳስብሽም፣ ለጀማሪ ፕላስቲክ መሆኑም ነውር የለውም። የቀኝ አውራ ጣትሽን ካመመሽ በአንገት የሚንጠለጠል ማሰሪያ ጠይቂ፣ ክብደቱ ሁሉ እዛች ጣት ላይ ነው የሚያርፈው።

ጓደኛሽ ጭንቅላት ይጎዳል ያለችሽ የቆየ ወሬ ነው፣ ኦቦ መንፋት ጭንቅላት እንደሚነካ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ግን ከወሬው ጀርባ አንድ እውነት አለ፣ ሪዱ አየሩን ስለሚገታው ስትነፊ ፊትሽና ጭንቅላትሽ ላይ ግፊት ይጨምራል፣ የአይን ውስጥ ግፊትም ለጊዜው ከፍ ይላል፣ ስታቆሚ ይመለሳል። ግላኮማ (የአይን ግፊት በሽታ) ወይ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይ ሄርኒያ ካለብሽ ለሀኪምሽ ኦቦ እነፋለሁ ብለሽ ንገሪው። በቤተሰባችሁ ግላኮማ ካለ ደሞ አይንሽን ተመርመሪ፣ በኛ እድሜ ባትነፊም ጥሩ ነው።

ክላርኔት ልቀይር ላልሽው፣ ክላርኔት ውብ መሳሪያ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ አጀማመሩም ይቀላል፣ ማንንም አልከለክልም። እንደ መሸጋገሪያ ግን አትያዢው። የሱ ሪድ አንድ ስንጥር ብቻ ነው፣ የላይ ጥርስሽን የመሳሪያው መንፊያ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ኦቦ ላይ ደሞ ሁለቱም ከንፈር ይታጠፋል። ኦቦ የላይኛው ክልሉ ላይ ሲወጣ ኦክታቭ (ስምንተኛው ኖታ) ነው የሚዘለው፣ ክላርኔት ግን 12ኛው ኖታ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ጣቱም ሌላ ነው። ተመልሰሽ ስትመጪ ከንፈርሽ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ደሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ክላርኔት ስሰማ ስራዬን እጥላለሁ የሚል አላነበብኩም። የክላርኔት ድምፅ ከወደድሽ ሂጂ፣ ኦቦ ስላቃተኝ ብለሽ ግን አትሂጂ፣ ገና በደህና ሪድ አንድ ወር እንኳን አልነፋሽምና ያቃትሽ ምን እንደሆነ አናውቅም።

በሩን በተመለከተ፣ ባለቤትሽን እስኪ በቀጥታ አናግሪው። ኦቦ የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ድምፁ የጎላ እንጨት እንደማለት ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ ቅርፁን ሲይዝ ከሱ በፊት የነበሩት ዘመዶቹ ደጅ የሚነፉ ነበሩ፣ ለቤት ለስልሶ እንኳን ይሄው ነው። ደወሉ (የታችኛው ሰፊ አፍ) ውስጥ ጨርቅ ብትወትፊም የሚያፍነው ታችኞቹን ኖታዎች ብቻ ነው፣ ሌላው ድምፅ ከተከፈቱት ቀዳዳዎች ነዋ የሚወጣው። ስለዚህ መደበቅ አትችዪም፣ ሰዓት መስማማት ግን ትችያለሽ፣ አስር ደቂቃ ሲሆን ደሞ ለሱም ቀላል ነው። በሩን የዘጋው ስለጠላው ይሁን አንቺ እንዳታፍሪ ብሎ ይሁን አታውቂም እኮ። አልጠየቅሽውም። እኔ ቤት በሩ የሚዘጋው እንዳትረበሽ ተብሎ ነበር፣ እስክጠይቅ ድረስ ዓመት ሙሉ ተሸማቅቄበታለሁ።

አሁን ያቺን ደህና መጫወት ስጀምር ብለሽ ያስቀመጥሻትን ሪድ አውጪያት። ዛሬ ማታ፣ ነገ አትበዪ። ብልቃጡ ውስጥ ውሃ ቅጂ፣ ሶስት ደቂቃ ክተቻት፣ ብቻዋን ንፊያትና ቁራዋን ስሚ፣ ከዛ ኦቦው ላይ ስኪያት። ያለውን አየር መጀመሪያ አስወጪ፣ ትንሽ ሳቢ፣ ምላስሽን አሳርፊ፣ ልቀቂ፣ አንድ ላ። ስልክሽ ላይ ቅጂውና ቀኑን ጻፊበት። ወሩ ሲሞላ ሁለቱን አከታትለሽ ሰምተሽ ምን እንደሰማሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።